የወታደር ማዳመጫ በትንሿ አውሮፕላን

ነገሩ የጆሮ ነገር ነው። የሰው ጆሮ አለበት፤ ሽቦና ስፒና ያለው፣ አረንጓዴ የተቀባ የወታደር ጆሮም አለበት። ይህ ሁለተኛው ከሄሊኮፕተር ወርዶ ሁለት ሰው ብቻ ወደምትይዝ ትንሽ የሲቪል አውሮፕላን እንዴት እንደገባ፣ መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው፣ ለምክርም የአርብ ገበያ ሬዲዮ ጠጋኝ እንዴት እንደተጠራ እተርክላችኋለሁና ጆሮ ስጡኝ።

ጠጋኙ እኔ ነኝ። አርብ ገበያን የማያውቅ ካለ፣ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ላይ ጋይንትና ስማዳ ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ከበሽሎ ወዲያ ደግሞ ወሎ ነው። ስሟ እንደሚለው አርብ አርብ ገበያ ይቆማል። ገበሬው ጤፉንና በጉን ይዞ ሲወጣ ዝም ያለበትን ሬዲዮ በነጠላው ጠቅልሎ ለእኔ ያመጣል፤ ሸጦ ሸምቶ እስኪመለስ እሠራለታለሁ። አብዛኛው ብልሽት የታወቀ ነው። የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ብረቱን በልቶታል፣ ወይም ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይም ስፒከሩ ተቀዷል። ስፒከር ሲቀደድ ሌላ ፈልጎ መተካት ነው፤ ስፋቱ ልክክ ቢልም ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ፣ ኦሙ፣ ካልገጠመ ግን ድምፁ ይታፈናል። ይህችን ኦም የምትባል ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የአክስቴ ልጅ ያደገው ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ካቻቢቴ ያቀብለኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተጣለ ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ ይገጥማል። ዛሬ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከደሞዙ እየቆጠበ ደግሞ በትንሽ ሴስና 152 ማብረር ይማራል። አንድ ቀን ደወለ።

«አያ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው።»

«ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። የወታደር ማዳመጫ በርካሽ ገዝቼ አውሮፕላኗ አልቀበልም አለችኝ።»

ገንዘቡን መቆጠቡ አይፈረድበትም። ጥሩ የሚባለው አዲስ የአብራሪ ማዳመጫ እዚያ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ መካከለኛውም በመቶዎች ይቆጠራል። እሱ ያገኘው ጦሩ ተጠቅሞበት የሸጠውን፣ ዴቪድ ክላርክ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ኤች 10-76 የሚሉትን ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድኑ ሁለት ጠንካራ ክዳኖች አሉት፣ ውስጣቸው ድምፅ በሚያፍን ስፖንጅ ተሞልቷል፣ ከአፍ ፊት ደግሞ በሚታጠፍ ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክ ተንጠልጥላለች። ዕቃነቱ ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅም ቢረገጥም ይችላል።

«ስፒናው አንድ ነው፣ አያ። እዚህ አውሮፕላን ላይ ግን ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው፤ አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ያለ።»

«እና ምን አደረግህ?»

«መቀየሪያ ገመድ ገዛሁና ሰካሁት። የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ሊሰማኝ አልቻለም፤ መነጋገሪያውን ስጫን ሞገዱ ይደርሳቸዋል እንጂ ቃል የለበትም። እኔም የምሰማው የታፈነ ነው። ይባስ ብሎ እኔ ስሰካ የአስተማሪዬ ማዳመጫ ደከመ።»

አስተማሪው ወዲያው አስነቅሎታል፤ ደግ አደረገ። ተማሪ የሚያበራት አውሮፕላን ውስጥ አስተማሪው ማማውን መስማት ካቃተው ያ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ችግሩ የስፒና ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። ስፒና ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀየሪያው ገመድ ይበቃ ነበር። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመናገር ግን ወደ ኋላ ራቅ ብዬ መነሳት አለብኝ፤ ታሪኩ በከፊል የእኛም ነውና።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የምትባል ፈረንሳይ ሠራሽ ነበረች፣ አብራሪዋ አንድሬ ማዬ። በዚያ ዘመን አብራሪ የቆዳ ቆብ ያጠልቃል፣ ዓይኑን በመነጽር ይጋርዳል፤ ጆሮውን ግን ከነፋሱና ከሞተሩ የሚጋርድለት ብዙ ነገር የለም። አስተማሪ ተማሪውን የሚያናግረው በጎማ ቱቦ ውስጥ እየጮኸ ወይም በእጁ እያመለከተ ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት በዚያ ዘመን ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት ፀሐይም በ1928 ዓ.ም. ስትበር ባለ 115 ፈረስ ጉልበት ሞተሯ የሚያገሣው ከአብራሪው ፊት ለፊት ነው። ጣሊያን ወስዶ ለሰማንያ ዓመት ያህል በሙዚየም ያስቀመጣት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰችው ፀሐይ ማለቴ ነው።

ከነጻነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋናው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ይህ ሰው በ1939 ዓ.ም. ሳፊር በተባለች ትንሽ የሳብ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 6,220 ኪሎ ሜትር፣ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ርቀቱን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ያ ጆሮ ነው። ከሠላሳ ሰዓት በላይ ከሞተር አጠገብ! ስለ ፎን ሮዘን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ አውሮፕላን ከወታደር ወደ ሲቪል፣ ከሲቪልም ወደ ወታደር ሊዞር እንደሚችል እንደ እርሱ ያሳየ የለም። በ1961 ዓ.ም. ለቢያፍራ ወግኖ ለስልጠና የተሠሩ ጥቃቅን አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቆ ተዋጋ። ከዚያ በኋላ በነበረው የድርቅ ዘመን ደግሞ እኛ አገር መጥቶ በእነዚያ አውሮፕላኖች ታናናሽ እኅቶች ክንፍ ሥር ጆንያ አስሮ፣ መኪና ለማይደርስባቸው ሰዎች እህል ይጥል ነበር። የሞተውም እዚሁ ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦርነት። የጋይንትና የስማዳ ሰው ራብን ያውቃል፤ እህል ከሰማይ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ስፒናው ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ሲጀምር የገዛቸው አምስቱ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የአሜሪካ ጦር ዕቃ ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባው የመጀመሪያው በረራ በእነዚህ ነው። መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ወታደር በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሃል ላይ ይታሰራል። ከወታደር የመጣውን ለሲቪል ማስማማት የእኛ አቪዬሽን የመጀመሪያ ሥራው ነበር ብል አላጋነንሁም። ወንበሩ ተቀየረ፣ ቀለሙ ተቀየረ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ውስጥ አብራሪው የሚሰካቸው ስፒናዎች ግን ሁለት ነበሩ፤ ለማዳመጫው ፒኤል-55፣ ለማይኩ ፒኤል-68።

ልብ በሉ፤ ዛሬ በሴስናዋ ውስጥ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች እነዚያው ናቸው! ወፍራሙ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ 5.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ፊደላቸው ተለውጦ ፒጄ-055 እና ፒጄ-068 ይባላሉ እንጂ የዚያ ጦርነት ስፒናዎች ናቸው። ወፍራሙማ ከወታደርም የቀደመ ነው፤ ድሮ የስልክ ኦፕሬተር ገመድ እየነቀለች እየሰካች ሰው ከሰው የምታገናኝበት ስፒና ነው። ሲቪሉ የጥንቱን ወታደር ዕቃ ወርሶ እስከ ዛሬ ይዞታል፤ ወታደሩ ግን ጥሎት ሄደ። ሄሊኮፕተር ላይ አንድ ወፈር ያለ፣ 7.1 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አራት መገናኛ በላዩ የተደረደረበት ዩ-174 የሚሉት ስፒና አመጣ። ሰው በአንድ እጁ ነቅሎ መውጣት አለበትና ለእነሱ እሱ ይሻላል።

ማይኩም እንደዚያው ነው። የጥንቱ ማይክ የካርቦን ነበር። ብናኝ ካርቦን የታጨቀባት ትንሽ ቆርቆሮ ናት፤ ድምፅ ሲገፋት ብናኙ ይጠጋጋል፣ ሲለቃት ይላላል፣ በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም እንደዚያው ይጨምራል ይቀንሳል። የድሮ ስልክ እጀታ ከፍታችሁ የምታውቁ አይታችኋታል። ይህች ማይክ በራሷ ምንም አታመነጭም፤ ራዲዮው ኤሌክትሪክ ሊመግባት ይገባል። ሲመግባት ግን ጠንካራ ድምፅ ትሰጣለች። ዛሬ በሲቪል አውሮፕላን የካርቦን ማይክ የሚጠቀም የለም ማለት ይቻላል፤ በማዳመጫው ላይ ያለችው ዘመናዊ ማይክ ከውስጧ ትንሽ ማጉያ አላት። ራዲዮው ግን አሁንም በማይኩ ሽቦ ላይ ከ8 እስከ 16 ቮልት ይልካል፣ አሁንም ያንን የካርቦን ጠንካራ ድምፅ ይጠብቃል። አዲሷ ማይክ በዚያ ምግብ ማጉያዋን እያሠራች የሌለችውን ካርቦን ተክታ ትናገራለች።

የወታደሩ ማይክ ሌላ ነች። ማግኔትና ቀጭን ጥቅል ሽቦ ናት፣ 5 ኦም ብቻ፤ ምግብ አትፈልግም፣ ድምፁን ራሷ ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች። የምታመነጨው ግን ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ የሲቪሉ ራዲዮ የሚጠብቀው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት። መቶ እጥፍ ያህል ይጎድላታል። ለዚህ ነው ማማው ሞገዱን ሰምቶ ቃሉን ያጣው። በዚያ ላይ ራዲዮው ለካርቦን ብሎ የሚልከው ኤሌክትሪክ በዚያች ቀጭን ጥቅል ውስጥ ያልፋል። 12 ቮልት በ470 ኦም በኩል ሲመጣ 25 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ድምፅ የሚያርገበግባትን ስስ ልሳኗን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይይዛታል።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አያ፣ ታዲያ የአስተማሪዬ ማዳመጫ ለምን ደከመ?» አለኝ። ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። ያዙልኝ ያልኋችሁ ኦም እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። የሲቪል ማዳመጫ ከ150 እስከ 600 ኦም ነው፤ የወታደሩ 19 ኦም። ሁለቱ ከአንድ ራዲዮ ላይ ጎን ለጎን ሲሰኩ የመስኖ ውኃ በሁለት ቦይ ሲለቀቅ ማየት ነው፤ አንዱ ቦይ ጠባብ ሌላው እጅግ ሰፊ ከሆነ ውኃው በሰፊው ይነጉዳል፣ የጠባቡ ባለቤት ማሳ ይደርቃል። አስተማሪው ባለ ጠባቡ ቦይ ነበር። ሰፊው ቦይም ቢሆን አልጠገበም፤ ራዲዮው ያንን ያህል እንዲያፈስ አልተሠራምና ድምፁ ይታፈናል።

ሥራው እንግዲህ ሁለት ሆነ፤ ለማይኳ ማጉያ፣ ለጆሮው ኦም ማስተካከል።

ከሁሉ በፊት ግን የትኛው ሽቦ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ቀለሙን አይተህ እንዳትቆርጥ» አልሁት፤ የተለበሰ ዕቃ ላይ ከእኛ በፊት ማን ምን እንደነካካ አይታወቅም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ፣ ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ እንዳደረገ፣ የስፒናውን አራት መገናኛዎች ሁለት ሁለቱን እያደረገ እንዲነካ ነገርሁት።

«ነካ አድርገህ አንሣ፤ ይዘህ አትቆይ፣ ማይኳ ስስ ናት።»

«እሺ... ይኸ ዝም አለ። ይኸም ዝም። ይኸኛው ቀጭ አለ፣ አያ! በሁለቱም ጆሮዬ።»

«እሱ የጆሮው ነው። ጻፈው። አሁን ማይኳን ወደ ጆሮህ አስጠጋና የቀሩትን ሁለቱን ንካ።»

ትንሽ ቆየ። «በጣም ቀጭን ነው እንጂ ቀጭ ይላል።»

«በቃ ተገኘች።»

ማግኔትና ጥቅል ያለው ነገር ሁሉ ማይክም ቢሆን ስፒከር ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሰጣችሁት ይጮኻል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በአርብ ቀን ትርምስ መካከል የደከመ ስፒከር ከደኅናው ስለይ ነው። ቴስተሩ የሚያሳየው ቁጥርም ተስማማ፤ የጆሮው ሃያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የማይኳ አምስት ገደማ።

ማጉያው ቀላል ነው። አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ ሁለት ሦስት ካፓሲተር። እኔ ዘንድ ከሞተ ሬዲዮ የተነቀለ ትራንዚስተር በጣሳ ሞልቷል፤ እሱ አዲሱን ገዛ። ዋናው ብልሃት ባትሪ አለማስፈለጉ ነው፤ ማጉያው የሚሠራው ራዲዮው ለካርቦን ብሎ በሚልከው በዚያው ኤሌክትሪክ ነው። ማይኳን ይገፋ የነበረው ኃይል አሁን ማጉያውን ይቀልባል፤ ወደ ማይኳ እንዳያልፍ ደግሞ በመካከል የቆመ ካፓሲተር ይከለክለዋል። ሙሉው ነገር የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ሰሌዳ ላይ ተበየደና ከግራው የጆሮ ክዳን ውስጥ ከስፖንጁ ጀርባ ገባ። ምስል ላከልኝ። ብየዳው አንጸባራቂ ነው፣ ጉብ ጉብ አላለም፤ ልጅ ሆኖ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲበይድ የነበረውን ሳስታውስ ደስ አለኝ።

ለጆሮው ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ በመካከል ትራንስፎርመር ማስገባት ነው፤ 300 ኦምን ከ19 ኦም ለማስማማት አራት ለአንድ የተጠቀለለ ይበቃል። ሌላው ድምፅ አውጪዎቹን ነቅሎ እያንዳንዳቸው 300 ኦም በሆኑ መተካት ነው። ጎን ለጎን ሲያያዙ 150 ይሆናሉ፤ የሲቪሉ ማዳመጫዎች የሚሠሩበት ልክ ነው። ሁለተኛውን መረጠ። ትራንስፎርመር ክብደት ነው፣ ቦታም ይፈልጋል፤ ጭንቅላት ላይ ለሰዓታት የሚቀመጥ ነገር ደግሞ እያንዳንዷ ግራም ታታክታለች። የነቀላቸውን አልጣላቸውም፤ ማዳመጫውን ለወታደር ራዲዮ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ይሆናሉ ብሎ አስቀመጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ያለ ማዳመጫ አይበርም ወይ? ሊል ይችላል። ይበራል። የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ለብዙ ዓመታት የሚናገሩት በእጅ ማይክ፣ የሚሰሙትም ከራሳቸው በላይ በተሰቀለ ስፒከር ነበር። ዴቪድ ክላርክ ጩኸት የሚከላከል ማዳመጫ ለሲቪል ትንንሽ አውሮፕላን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብራሪዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ብዙዎቹ የሰው ቃል አይለይላቸውም።

እኛ ቤት ይህን የሚነግረን አለ። አጎታችን በወጣትነቱ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ሞተር ሲፈተሽ ከአጠገቡ ቆሞ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው የሠራው። ዛሬ ከፊቱ ቆማችሁ ስታናግሩት ድምፃችሁን ይሰማል፤ ቃሉን አይሰማም። የሚጠፋበት ስሱ ድምፅ ነው፤ «ሰ» እና «ሸ» እና «ፈ»። ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ መጀመሪያ የሚበላው ከ4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው፤ የእነዚህ ፊደላት ድምፅ ደግሞ ወደዚያው ይቀርባል። ስለዚህ «ሻይ ልስጥህ?» ስትሉት ይስቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ምን እንዳላችሁ ግን አያውቅም። ለቅሶ ላይ፣ ሽምግልና ላይ መቀመጥ ትቷል፤ ሰው ሁለት ጊዜ ሲደግምለት ያፍራል። አስታራቂ የነበረ ሰው ነው። ይህ የሚያሳዝነኝን ያህል ሌላው ብዙም አያሳዝነኝም፤ መከላከል ይቻል ነበራ።

ልኩ ይታወቃል። 85 ዴሲቤል ላይ ሰው ስምንት ሰዓት ቢቆይ ነው ገደቡ፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቆረጣል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት። የትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ከ90 እስከ 100 ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሴስናና በዳይመንድ የሚሠለጥኑ ልጆች አሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አብራሪዎችም አንበጣ ሲመጣ ትንንሽ አውሮፕላን ይዘው ዝቅ ብለው ሲረጩ ይውላሉ። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ወሎን ሲያለብሰው ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ ያባርር ነበር፤ ከላይ የነበረው አብራሪ ደግሞ ሙሉ ቀን ከሞተሩ ጋር ነው። እነዚህ ጆሮዎች ደኅና መሆን አለባቸው።

ወደ ቨርጂኒያው ልጃችን እንመለስ። መጀመሪያ የሞከረው ሞተሩ ሳይነሣ መሬት ላይ ነው። አስተማሪው ከጎኑ የራሱን ሰካ፤ አልደከመበትም። ሁለቱም ተሰማሙ። ሞተሩ ተነሣ፤ አሁንም ደኅና። መነጋገሪያውን ተጭኖ ማማውን ሲጠራ ግን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት!

«አያ፣ አበላሸሁት።»

«አላበላሸህም። የሚፎጨው ስትናገር ብቻ ነው ወይስ ስታዳምጥም?»

«ስናገር ብቻ።»

እንግዲያው ታወቀ። ራዲዮው ሲልክ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው የሚልከው፤ አንቴናው ከአብራሪው ራስ ብዙም አይርቅም። ያ ሞገድ በማዳመጫው ገመድ በኩል ተመልሶ ማጉያው ውስጥ ይገባል፣ ማጉያውም ደግሞ ያጎላዋል፣ ይዞራል፣ ፉጨት ይሆናል። መፍትሔው የማጉያው መግቢያ ላይ በጣም ትንሽ ካፓሲተር «መሬት» ወደሚባለው የጋራ መመለሻ ሽቦ ማሰር ነው፤ ድምፁን ሳይነካ ሞገዱን ብቻ ያወርደዋል። ገመዱንም ሽቦ የተጎነጎነበት መከለያ ባለው ቀየረ፤ መከለያውን ከአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬቱ ጋር አገናኘ። ፉጨቱ ቀረ።

ግን ማማው «ሩቅ ነህ» አለው። ይኸኛው የዕቃ ጥፋት አልነበረም፤ የአጠቃቀም ነው። የወታደሩ ማይክ ጩኸትን የምትቋቋምበት ዘዴ አላት፤ ከፊትም ከኋላም ክፍት ናት። የሞተሩ ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ በሁለቱም ወገን ገፍቶ ይጠፋፋል፤ የተናጋሪው ድምፅ ግን ከአንድ ወገን፣ ከቅርብ ስለሚመጣ ያልፋል። ለዚህ ከንፈር ሊነካት መድረስ አለባት። ሁለት ጣት ያህል ከራቀች የሰውየውም ድምፅ በሁለቱም በኩል ደርሶ አብሮ ይጠፋል። ፊቷን ካዞሯትም እንደዚያው። የሲቪሉን ማዳመጫ የለመደ ሰው ራቅ ያደርጋታል። «ሳማት» አልሁት፣ ሳቀ።

በነጋታው ዘንጓን አስተካክሎ ከንፈሩ ላይ አድርጓት ጠራ። በአብራሪዎች ደንብ የድምፅ ጥራት ከአንድ እስከ አምስት ይመዘናል፤ ማማው አምስት ብሎ መለሰለት።

ይህን ስታነቡ ወዲያው ካቻቢቴ የምታነሡ እንዳላችሁ አውቃለሁና አንድ ነገር ልበል። በግል በሚበር ትንሽ አውሮፕላን ማዳመጫ የአብራሪው የራሱ ዕቃ ነው፤ የአውሮፕላኗን ራዲዮና ሶኬት ግን ፈቃድ ያለው መካኒክ ካልሆነ ማንም አይነካም። የኛ ልጅ የለወጠው ሁሉ ከስፒናው ወዲህ፣ በራሱ ዕቃ ውስጥ ነው። አስተማሪው ደግሞ ብዙ ሰዓት አብሮት እስኪበር ድረስ ሌላ የሚሠራ ማዳመጫ ከኋላ እንዲይዝ አዘዘው። እኔም ብሆን ይህንኑ ባልሁት። ደመና ውስጥ ወይም ሰው በበዛበት ሜዳ ላይ አንዲት ሽቦ ብትበጠስ፣ ጠጋኙ አርብ ገበያ ነው።

አጎታችን ነገሩን ከአክስቴ ሰምቶ ወደ ሱቄ መጣ። የማዳመጫውን ምስል ከስልኬ ላይ አሳየሁት፤ አገላብጦ አየው። ወረቀት ላይ ጻፍሁለት፦ ሞተሩን ያስቀራል፣ ሰውን ያሰማል። አነበበና፣ «ስንት ያስቀራል?» አለኝ። ሃያ ዴሲቤል ያለፈ ብዬ ጻፍሁ። እሱ መካኒክ ነውና ቁጥሩ ገባው። «በኛ ጊዜ ይኸ ቢኖር» ብሎ አልጀመረም፤ የማጉያውን ሥዕል አምጣ አለና ትራንዚስተሩ እንዳይሞቅ ከየት በኩል አየር እንደሚያገኝ ጠየቀኝ። አይሞቅም፣ የሚያልፍበት ጥቂት ሚሊአምፔር ነው ብዬ ጻፍሁለት። አላመነኝም፤ ያንኑ ማጉያ በጠረጴዛዬ ላይ ገጣጥሜ በጣቱ ነክቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ቆየ።

አሁን ከዚያው የትምህርት ሜዳ ሁለት ተማሪዎች የየራሳቸውን አረንጓዴ ማዳመጫ ገዝተው ይዘውለት መጥተዋል። አንደኛው ከታንክ የወጣ ነው፤ መናገሪያው ቁልፍ ክዳኑ ላይ ነው፣ ስፒናውም ሌላ ነው። ትናንት ደውሎ፣ «አያ፣ በቀለሙ እንሂድ ወይስ በቴስተር?» አለኝ። በቴስተር አልሁት።